እሑድ እሑድ የሚታመመው ስኩተር

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው በኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ እንዳትስቁብኝ ብዬ ነው። ለነገሩ ብትስቁም ከተማሪዎቼ አትብሱም። ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ፣ በባጃጅና በጋሪ መሀል፣ ላብ አጥምቆት ቀይ ስኩተር የሚገፋ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ ያ ሰው የዚያኑ ቀን ጠዋት ሰሌዳ ላይ ባትሪና አምፖል ሥሎ «ኮረንቲው የት ላይ ነው የተቋረጠው?» እያለ ልጆች ሲያስጨንቅ ነበር።

ስኩተሩን ያመጣሁት ከቡሬ ነው። በኤሌክትሪክ ይሠራል። ቤንዚን ወረፋ ላይ ቆሞ የዋለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ያድርና ጠዋት ድምፁን ሳያሰማ ይሄዳል። አብሮ የመጣው መመሪያ መጽሐፍ በቻይንኛ ነው፤ ሥዕሎቹን ገለጥ ገለጥ አድርጌ የሚያስቸግር ነገር እንደሌለው ካረጋገጥኩ በኋላ አንድ እግሩ ለሚያጥረው አልጋዬ ድጋፍ አደረግሁት። አልጋው ከዚያ ወዲህ ተንገዳግዶ አያውቅም፤ በዚህ በኩል መጽሐፉን ያዘጋጁትን ሰዎች አመሰግናለሁ።

ስኩተሩ የሚነዳው የቀኝ እጀታውን በመጠምዘዝ ነው። ውስጡ ጠብታ ቤንዚን ባይኖርም እኛ «ጋዝ መስጠት» እንለዋለን። ጋዝ ሲሰጡት ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጋዝ ሲሰጡት አይሄድም። መብራቱ በርቷል፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ጎማው አልተነፈሰም፤ እጀታው ግን የተዘጋ በር እጀታ ይሆናል። ወርዳችሁ፣ ተራግማችሁ፣ ተመልሳችሁ ስትቀመጡበት ምንም እንዳልተፈጠረ ሽው ይላል። ጭራሽ የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ቁርጤን አውቅ ነበር። ያሳበደኝ ይህ «አንዳንድ ጊዜ» የሚባለው ነገር ነው።

ጉዳዩ የስኩተር ብቻ ቢሆን ሸጬው እገላገል ነበር። ጉዳዩ ግን ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ራሴን ሳያመኝ የራስ ምታት ኪኒን እየገዛሁ ሁለት ዓመት ተመላለስኩባት። አንድ ቀን ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልላ ከሰጠችኝ በኋላ፣ «ቲቸር፣ ይህን ሁሉ የምትውጠው ከሆነ ጉበትህ አልቋል፤ የማትውጠው ከሆነ ደግሞ ለአባቴ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። ሦስት ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። ከጅጋ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ዳገቱ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ያስተምራሉ፤ አገሩ በሙሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው። ሽማግሌዎቼ መጀመሪያ ሲሄዱ «እንመካከርበት» ብለው መለሷቸው፤ ይህ ያለ ነው። ሁለተኛ ሲሄዱ አጎቴ ነገር ለማሳመር ብሎ፣ «ልጃችን ሣር የማይግጥ፣ ነዳጅ የማይጠጣ መኪና አለው። ከፍኖተ ሰላም እዚህ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም» ብሎ ተናገረ። የኔታም አዳምጠው አዳምጠው፣ «ሽማግሌዎቹን አየናቸው፤ መልካም ሰዎች ናቸው። ልጄን የምድረው ግን ለሽማግሌዎቹ አይዶለም። እሑድ በሦስት ሰዓት ልጁ በዚያው መኪናው ብቻውን ይምጣና እንየው» አሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ አንድ አይሱዙ መኪና ያለው የጅጋ እህል ነጋዴም ሽማግሌ ልኮ እየጠበቀ ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። ገና ከከተማው ሳልወጣ አንድ አዛውንት ከፊቴ መጡ። «ኖር!» አልኳቸው፤ «በእግዜር!» አሉኝ፤ ስኩተሩ ቀጥ አለ። ወርጄ ነካካሁት፤ ተነሣ። ትንሽ እንደሄድኩ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሁለት መነኮሳት አገኘሁ፤ አሁንም ቀጥ አለ። ድልድዩ ጋ የጎረቤቴን አባት ሳገኝ ቀጥ አለ። ከመንገድ ዳር ያለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስሳለም ደግሞ ጨርሶ አልነሣም ብሎ ቆይቶ በስንት ልመና ተነሣ። አንዱ ገበሬ አህያውን አቁሞ፣ «አንተየ፣ ይሄ ነገር ሣር አይበላም እንዴ? ምናልባት ርቦት ይሆን?» አለኝ። የኔታ ቤት የደረስኩት ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። እሳቸው ዝክር ተጠርተው ሄደዋል። ማክሰኞ ትርንጎ መልእክታቸውን ነገረችኝ።

«አባባ ምን አሉ መሰለህ? ‹መንገድ ከልክሎት ይሆናል፤ በመጪው እሑድ ይምጣ። ያኔም ከከለከለው ግን መንገዱን መስማት ነው› አሉ።»

«ምን ማለታቸው ነው?»

«አይሱዙው ማለታቸው ነዋ!» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «በእግርህ ና። ይህን ቀይ ሣጥን ትተህ በእግርህ ና።»

ልክ ነበረች። እኔ ግን ደነደንኩ። የኔታ «በመኪናው ይምጣ» ብለዋል፤ አጎቴ በአደባባይ ተናግሯል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የፊዚክስ አስተማሪ በሁለት ሽቦና በአንድ ባትሪ ተሸንፎ በእግሩ ሲሄድ ተማሪ ቢያየው የኤሌክትሪክን ምዕራፍ ማን ይሰማዋል?

መጀመሪያ ቡሬ ላለው ሻጭ ደወልኩ። «አጥፍተህ አብራው» አለኝ። ሰባት ጊዜ አጥፍቼ አብርቼዋለሁ አልኩት። «ስምንተኛውን ሞክር» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ ባጃጅ የሚጠግነው ጥጋቡ ዘንድ ወሰድኩት። ጥጋቡ በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ የሚሠራ፣ ለሰላምታም ለስድብም ራሱን በአንድ ዓይነት ሁኔታ የሚነቀንቅ መካኒክ ነው። ብቻውን ነድቶት እስከ ሆስፒታሉ ደርሶ ተመለሰ፤ ምንም አልሆነም። «ከኋላህ ልቀመጥና አንተ ንዳው» አለኝ። ገበያውን ዞርን፤ ግማሹን የፍኖተ ሰላም ሽማግሌ ሰላም ስል አንዴም አልቆመም። ጥጋቡ ወረደና፣ «ይኸው፣ ምን አለው?» አለ። ብቻዬን ልመልሰው ስነሣ፣ ከጋራዡ ደጅ የሚያልፉ አንዲት እማሆይ ፊት ቀጥ!

ጥጋቡ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቱ ስትጠራው እንኳን አያወጣውም።

«ቲቸር፣ እንዳትቀየመኝ። ዕቃው ጤነኛ ነው። ችግሩ አንተ ጋ ነው።»

ተቀየምኩት። አንድ የቴክኒክ ብልሽት እንዴት ሰው ጋ ሊሆን ይችላል ብዬ ለግማሽ ሰዓት ያህል አስተማርኩት። እሱም ዝም ለማሰኘት ብሎ የጋዙን እጀታ ቀየረ፣ የፍሬኑን ሽቦ አጠበቀ፣ ካቻቢቴ የሚገባበትን ሁሉ ፈታና መልሶ አሠረ። ሁለት ብሎን ተረፈው። «ከመጀመሪያውም የማያስፈልጉ ናቸው» አለና ኪሱ ከተታቸው።

እኔም ነገሩን በሳይንሳዊ ዘዴ ለመያዝ ወሰንኩ። አንድ አሮጌ ደብተር ላይ ሰንጠረዥ አሰመርኩ፤ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የመንገዱን ዳገትና ቁልቁለት፣ የባትሪውን መጠን ጻፍኩ። ሦስት ቀን ከተማውን ስዞር ዋልኩ። ውጤቱን ስመለከተው ፀጉሬ ቆመ። ስኩተሩ ሙቀት አያውቅም፤ ዳገት አይፈራም፤ ነገር ግን በገበያ ቀን ይብስበታል፤ በሚካኤል ዕለት ጨርሶ አይንቀሳቀስም፤ ያለፈውን ካስታወስኩት ደግሞ እሑድ እሑድ ይታመማል። ጎሕ ሲቀድ፣ ውሻ ብቻ መንገድ ላይ ሲኖር፣ እንደ ንፋስ ይበራል። ከቻይና የመጣ ዕቃ የእኛን በዓላት እንዴት እንዳጠና ሊገባኝ አልቻለም። በሰንጠረዡ ላይ አንድ ነገር ብቻ መጻፍ ረስቼ ነበር፤ ስኩተሩ ሲቆም ከፊቴ ማን እንደነበረ።

ደብተሩን ለቤት አከራዬ ለእትዬ የሺ አሳየኋቸው። እትዬ የሺ ማንበብ ባይችሉም «ሚካኤል» ስል ሰምተው አማተቡ።

«አየኸ? ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቆማል፣ መነኩሴ ሲያይ ይቆማል፣ በበዓል ቀን ይቆማል። ይሄማ ያደረበት ነገር አለ! ጠበል ይወሰድ።»

ሳቅሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስኩተሩን እየገፋሁ ጠበል ቦታ ድረስ ወሰድኩት። ሠላሳ የሚሆን ሕመምተኛ ተሰልፏል፤ እኔና ስኩተሬ ከአንድ የወገብ ሕመምተኛ በኋላ ተራ ያዝን። ተራችን ሲደርስ አጥማቂው አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ስኩተሩን ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው አዩት። ታሪኩን ነገርኳቸው። አባ ትንሽ አሰቡና፣

«ልጄ፣ ርኩስ መንፈስ ቢኖርበት ከደጀ ሰላም ይሸሻል እንጂ እንዴት ይቆማል? ይሄ እንዲያውም ከብዙ ሰው ይሻላል፤ ስንቱ ሳይሳለም ያልፋል» አሉኝ።

«እንግዲያስ ትንሽ ይርጩበት አባ፤ ቢሆን ባይሆን።»

«እኔ ቤት እኮ ኮረንቲ አለ» አሉ አባ፣ ዘወር እያሉ። «ኮረንቲና ውኃ እንደማይስማሙ አውቃለሁ። አንተ ምንድን ነው የምታስተምረው?»

«አማርኛ» አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ቅጥሩ ውስጥ ቆሜ ዋሸሁ።

ሁለተኛው እሑድ ደረሰ። ለግማሽ ሰዓት መንገድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰጥቼ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። አስፋልቱ ላይ ሰው አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንዴ ከመቆሙ በቀር ስኩተሩ እንደ ውኃ ፈሰሰ። የጥጋቡ የኪሱ ብሎኖች ይባረኩ አልኩ። ከአስፋልቱ ወደ ጥርጊያው መንገድ ስታጠፍ ገና ሁለት ተኩል አልሆነም። ልቤ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ማግባቴ ነው!

ያን ጊዜ ቅዳሴ አለቀ።

ሕዝቡ ከዳገቱ ቁልቁል ወረደ፤ ከፊት ከፊት ደግሞ እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ። የመጀመሪያውን «ኖር!» አልኳቸው፤ ቀጥ። ወርጄ፣ ገፍቼ፣ ወጥቼ፣ ጋዝ ሰጥቼ፤ ሁለተኛው መጡ፤ ቀጥ። ሦስተኛውና አራተኛው ለየብቻ መጡ፤ አብረው ቢመጡ ምን ነበረበት? አምስተኛው አዝነውልኝ፣ «ምነው እንዲህ መከራህን አየኸ የኔ ልጅ? በቅሎ ብትገዛ አይሻልህም?» አሉኝ። ጋቢዬ የኋላ ጎማው ውስጥ ገብቶ ጠቆረ። አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ተመልሼ አወጣሁት። ሦስት ሰዓት አለፈ። ከግማሽ ዳገቱ ላይ ቆሜ፣ ትርንጎን በአይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ስትሄድ በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፤ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስኩተሩን እየገፋሁ ጫፍ ላይ ደረስኩ። የኔታ ከቅጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ዳገቱን በሙሉ ቁልቁል እያዩ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያዩኝ ኖረዋል። ትርንጎና እናቷ ከኋላቸው ቆመዋል፤ ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«እንዴት አደሩ የኔታ» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። አረፈድኩ። ዕቃው...»

«ስንት ሰው አገኘኸ?» አሉኝ።

«እ?»

«መንገድ ላይ። ስንት ሰው አገኘኸ?»

«አልቆጠርኩም የኔታ።»

«እኔ ቆጥሬአለሁ። አሥራ አራት ጊዜ ብድግ አልኸ፣ አሥራ አራት ጊዜ ቆመብኸ። አሥራ ሦስተኛው ሰው አይዶለም፤ አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ ነው።» ከድንጋዩ ተነሡ። «እስቲ አቁመው። ጋዝ የምትሉትን ስጠው።»

ስኩተሩን በመቆሚያው አቆምኩና፣ የኋላ ጎማው አየር ላይ እንዳለ፣ ከጎኑ ሆኜ እጀታውን ጠመዘዝኩ። ምንም የለም። የኔታ በመቋሚያቸው ጫፍ መቀመጫውን ጫን አደረጉት። እጀታውን ለቅቄ መልሼ ጠመዘዝኩ፤ ጎማው ተሽከረከረ። መቋሚያውን አነሡ፤ ቆመ። ጫን አደረጉ፣ መልሼ ጠመዘዝኩ፤ ተሽከረከረ። አነሡ፤ ቆመ። ማኅሌት ላይ እንዳሉ ሁሉ በቀስታ፣ ሳይቸኩሉ፣ ደጋገሙት።

መቀመጫው ሥር ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ሰው ሲቀመጥበት ኮረንቲውን ያገናኛል፤ ሰው ሲነሣ ይቆርጣል፤ እጀታው ተለቅቆ እንደ አዲስ እስኪጠመዘዝም መልሶ አያገናኝም፤ ነጂው ቢወድቅ ዕቃው ብቻውን እንዳይጋልብ። እኔ ደግሞ እናቴ ባሳደገችኝ ቤት ትልቅ ሰው መጥቶ ከበርጩማው ብድግ ያላለ ልጅ እራቱን ቆሞ ነበር የሚበላው። ሽማግሌ ሳይ እነሣለሁ፤ ደጀ ሰላም ሳይ እነሣለሁ። መነሣቴን አላውቀውም፤ ዓይኔ ሲርገበገብ እንደማላውቀው ሁሉ። ኮረንቲው የት ላይ እንደሚቋረጥ ሳምንቱን ሙሉ ስፈልግ፣ ለካ የሚቋረጠው እኔው ሥር ነው።

የፊዚክሱን ጉዳይ የቅኔ መምህር ፈቱት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ሌላ ሰው ሲነዳው ይቆማል?» አሉ የኔታ።

«አይቆምም።» ጥጋቡን አስታወስኩት፤ እሱ ለማን ይነሣል?

«ከኋላህ ሰው ሲቀመጥስ?»

«ያኔም አይቆምም። ክብደቱ ይይዘዋላ።»

የኔታ ተመልሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ፣

«ያ አይሱዙም ባለፈው መጥቶ ነበር» አሉ። «በሰዓቱ ነው የመጣ። እኒያኑ ሽማግሌዎች አቧራ አልብሷቸው ነው የመጣ። አንተ ዛሬ በሰዓቱ ብትደርስ ኑሮ ለአንዱም ሳትነሣ መጣኸ ማለት ነበር፤ እኔም መልካም መንገድ ብዬ እሸኝህ ነበር።» ከዚያ ዘወር አሉ። «ትርንጎ!»

«አቤት አባባ!»

«ነገ ሥራ ትገቢ አይዶል? ከኋላው ተቀመጪ። ይሄ ሰው ብቻውን ከሄደ ፍኖተ ሰላም የሚደርስ አይመስለኝም።»

«ምነው የኔታ!» አሉ እናትየዋ ደንግጠው። «ሳይዳሩ? ሰው ምን ይላል?»

«ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ልጁም ሁለት ጊዜ መጣ። እኔ ሰጥቻለሁ። ቀኑን ከአጎቱ ጋር እንቆርጣለን።»

እናትየዋ እልልታውን ሲለቁት ከዳገቱ ሥር ያሉት ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩ፤ እኔም ከዚያ ሁሉ ርቀት ብድግ አልኩላቸው፤ ለካስ ቀድሞም ቆሜ ነበር።

ስንመለስ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ተነሣሁ። ስኩተሩ አንዴም አልቆመም። ትርንጎ ከኋላዬ በሁለት እጇ ጋቢዬን ይዛ እየሳቀች፣ «ተቀመጥ! ያ ሰው አይደለም፤ የገብስ ክምር ነው!» ትለኝ ነበር።

ቤቴ ስገባ መመሪያ መጽሐፉን ከአልጋው እግር ሥር መዝዤ አወጣሁት። አራተኛው ገጽ ላይ ከመቀመጫው ብድግ ያለ ሰውዬ ተሥሎ፣ በላዩ ላይ ትልቅ ቀይ የኤክስ ምልክት ተደርጎበታል። ሰውዬው ልክ እኔን ይመስላል፤ ጋቢ ብቻ ነው የጎደለው። ጥጋቡ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ነገሩን ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ሊገላግለኝ ፈልጎ ነበር፤ ትርንጎ፣ «ያን ሽቦ የነካችሁ ቀን ለአባባ እናገራለሁ» ስላለች ሁለታችንም እጃችንን ሰበሰብን።

ከተጋባን በኋላ ጠዋት ጠዋት አብረን እንወጣለን። በአንድ ሳምንት ውስጥ እትዬ የሺ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «ቲቸር፣ ሰው ይታዘብሃል። ድሮ ሽማግሌ ስታይ መኪናህን አቁመህ ወርደህ ነበር ሰላም የምትለው። ሚስት ካገባኸ ወዲህ እንዲያው ብድግ ብለህ ትከንፋለህ አሉ» ብለው ወቀሱኝ። ስለዚህ አሁን እኔ ብድግ ስል ትርንጎ «ፍሬን!» ትላለች፤ እንቆማለን፤ ሁለታችንም ወርደን ሰላም እንላለን። ከቤታችን እስከ ፋርማሲው በእግር አሥር ደቂቃ ነው። በስኩተር ግማሽ ሰዓት ይፈጅብናል።